ወይንእሸት ለብቻዋ የምትጠጣው ቡና

ሞጣ ውስጥ ሌባ ምሕረት ያገኛል፤ ሰካራም ምሕረት ያገኛል፤ ሚስቱን የደበደበም ሽማግሌ ልኮ ይታረቃል። በሩን ዘግቶ ቡናውን ለብቻው የጠጣ ሰው ግን ምሕረት የለውም። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ የሚያስፈጽሙትን ግን በስም አውቃቸዋለሁ። ልብስ ሰፊዋ ወይንእሸት ይህን ሕግ ጥሳ እዚሁ በመካከላቸው ኖረች። የደረሰባትንና ያደረገችውን ልንገራችሁ።

እኔ ከሱቋ ጎን ጫማ እሸጣለሁ። የሚለየን አንድ ቆርቆሮ ብቻ ስለሆነ የስፌት መኪናዋንም፣ ከደንበኛ ጋር የምትነጋገረውንም እሰማለሁ፤ የቀረውን ራሷ ነግራኛለች፤ ያልነገረችኝን ከሰፈሩ ወሬ ሰምቻለሁ። ቡናዋን ግን ቀምሼ አላውቅም። አንድ ቀን ደፍሬ ብጠይቃት፣ "አንተም ምላስ አለህ" ብላ መለሰችኝ።

ትውልዷ ብቸና ነው። ምናለ የሚባል የአይሱዙ ሹፌር አግብታ ሞጣ ገባች፤ ቤት የተከራዩትም ከአስናቀች አጥር ጎን ነበር። አስናቀች የእድራችን ሊቀ መንበር የስጦታው ሚስት ናት። የሰፈሩ ሴቶች ቡና የሚጠጡት እሷ ቤት ነው። አፏ ማር ነው፤ የሚገባውን ሁሉ "የኔ አበባ፣ የኔ ጌጥ" እያለች ትቀበላለች። የሚወጣውን ግን ገና ከበሩ ሳይርቅ ትቦጭቀዋለች። ይህን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ እሷ ቤት ቀድሞ የሚነሳ ሰው የለም፤ ቀድሞ የተነሳ እሱ ነው የሚቀጥለው ወሬ። ልጅ እቤት እያለቀሰ፣ ወጥ ምድጃ ላይ እያረረ፣ አንዷ ሌላዋን እየጠበቀች እስከ መጨረሻው ስኒ ይቀመጣሉ። ይህንንም "ፍቅራችን" ብለው ይጠሩታል።

ወይንእሸት ያን ጊዜ አገሩን የማታውቅ አዲስ ሙሽራ ነበረች። እናቷን እያሰበች ሆዷ ሲባባ፣ አስናቀች "እኔስ እናትሽ አይደለሁም ወይ?" አለቻት። ልጅቷ አመነቻት። አንድ ቀን ሁለቱ ብቻቸውን በርበሬ እየቀነጠሱ ሳለ አስናቀች "ልጅ መቼ ነው?" ስትላት፣ ወይንእሸት የሆዷን አወጣች። ሱቅ እስክትከፍት ድረስ መውለድ እንደማትፈልግ፣ ከባሏ ጋር ተመካክረው ከጤና ጣቢያ የመከላከያ መርፌ እየወሰደች እንደሆነ ነገረቻት።

"ይኼ ከእኔ ጋር ይቀበራል" አለች አስናቀች ደረቷን እየመታች።

የተቀበረው በማግሥቱ ቡና ላይ ተነሣ። "መርፌ ትወስዳለች" የነበረው፣ ሁለት ቤት አልፎ "ማኅፀኗን አስደርቃለች" ሆነ። ትንሽ ቆይቶ "ኧረ ያስደረቀችውስ ሳታገባ ነው" ተባለ። ግንደወይን ያሉት የምናለ እናት ጆሮ የደረሰው ይኸኛው ነው። አሮጊቷ ከገበያ የተረፈ ዕቃ ጭኖ በሚሄድ መኪና መጡ፤ ልጃቸውንና ምራታቸውን ፊት ለፊት አስቀምጠው ጠየቁ።

"መርፌ የምትወስጂው እውነት ነው?"

"እውነት ነው እማማ። ምናለም ያውቃል፤ ተመካክረን ነው።"

አሮጊቷ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ታውቃለህ?"

ምናለ በክረምት ጭቃ፣ ገደል አፋፍ ላይ የተጫነ አይሱዙ የሚነዳ ደፋር ነው። እናቱ ፊት ግን የጫማውን ክር እያየ፣ "እኔ ምንም አላውቅም" አለ።

ጤና ጣቢያ ያደረሳት እሱ ነበር። ወረፋውንም የያዘላት እሱ ነበር። ወይንእሸት አላለቀሰችም፤ አልተከራከረችም። ብዙ አየችውና "ባል መስሎኝ ነበር" አለች። ትዳሩ በዚሁ ቃል አለቀ፤ ሽማግሌዎቹ ከዚያ በኋላ የተቀመጡት ለወጉ ነው። በፍቺው ቀን ከሁሉም አብልጣ ያለቀሰችው አስናቀች ናት። "የሰው ዓይን ነው የበላቸው" እያለች ነጠላዋን በእንባ አራሰችው።

ወይንእሸት ልብሷን ጠቅልላ ብቸና እናቷ ቤት ገባች። እናቷ ይርጋነሽ የተናገረችው እናቶች ሁሉ የሚሉትን ነው፤ "አንገትሽን ደፍተሽ ተመለሺ፣ ይቅርታ ጠይቂ።" በቤቱ ግን ሌላ ሰው ነበረች። የይርጋነሽ ታላቅ እህት ውበቴ፣ በወጣትነቷ አዲስ አበባ ወርዳ የአንድ ጣሊያን ቤተሰብ ወጥ ቤት ሆና አርጅታ የተመለሰች ሴት ናት። ውበቴ ብቸናን ትንቃለች፤ አዲስ አበባንም ትንቃለች፤ ጣሊያኖቹን ደግሞ ከሁሉም አስበልጣ ትንቃለች። "ውሻቸውን ይስማሉ፣ እናታቸውን አይጠይቁም" ትላለች። ከዚያ ሁሉ ዘመን ይዛው የተመለሰችው፣ የምታከብረውም ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ወገቧ የቀጠነ፣ ጎኗ እንደ ጥርብ ድንጋይ ማዕዘን ማዕዘን የሆነ፣ መያዣዋ ጥቁር የሆነ ትንሽ የአሉሚኒየም የቡና ማፍያ። ሞካ ብላ ትጠራታለች።

አንድ ጠዋት እናቷ "ታረቂ" እያለች ስትጨቀጭቃት፣ ውበቴ "ልጅቷን ተያት" ብላ ወይንእሸትን እጇን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻት።

"ይኸውልሽ፤ ከታች ውኃ፣ ከመካከል ቡና፣ ከላይ የሚጠጣው" አለቻት ዕቃዋን እየፈታታች። "ይቺን በጎኗ ያለች ቁልፍ የመሰለች ነገር አየሻት? መተንፈሻዋ ናት። ውኃው ሁልጊዜ ከእሷ በታች ይሁን። መተንፈሻዋ ከተደፈነ ትፈነዳለች።"

"ቡናውስ?"

"ስትወቅጪው እንደ ዱቄት አታልሚው፤ ደቃቅ አሸዋ ይምሰል። ወንፊቷን ሙያት፣ ግን እንዳትጠቀጥቂው። ከዚያ በደንብ አጥብቀሽ ትገጥሚያትና ለስላሳ እሳት ላይ ትጥጃታለሽ።"

ትንሽ ቆይቶ ከታች የፈላው ውኃ በእንፋሎቱ ተገፍቶ፣ ቡናው ውስጥ አልፎ፣ ከላይ ባለው ቀጭን ቱቦ ጥቁርና ወፍራም ሆኖ መውጣት ጀመረ። ጠረኑ ጓዳውን ሞላው። መጨረሻ ላይ ዕቃዋ ኩርርር ብላ ስታንኮራፋ ውበቴ በጨርቅ ይዛ አወረደቻት።

"ማንኮራፋት ስትጀምር አውርጃት። ከዚህ በኋላ የሚወጣው እሬት ነው።"

ወይንእሸት ቀመሰች። ከጀበና ቡና ይከብዳል፤ ምላስ ላይ ይተኛል፤ ከዋጡት በኋላም ይቆያል። ዕቃዋን ዘንበል አድርጋ የቀረውን አየች።

"የሁለት ሰው ብቻ ነው የሚወጣት?"

"የአንድ ሰው ሁለት ስኒ ነው" አለች ውበቴ። "ጎረቤት የማይጠራበት ቡና ይኼ ብቻ ነው። ውሰጃት፤ እኔስ ከእንግዲህ ጨጓራዬ አልቻለም።"

እናቷ ብቸና ሱቅ እንድትከፍት ለመነቻት። ወይንእሸት "የሸሸሁ ይመስላቸዋል" ብላ ሞጣ ተመለሰች። ያውም እዚያው ቤት፣ እዚያው የአስናቀች አጥር ሥር። ከመናኸሪያው ዝቅ ብላ እኔ ጎን ሱቅ ይዛ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ጀመረች። እጇ ጥሩ ስለሆነ ሥራ አላጣችም። በዓመቱ ውበቴ ብቸና አረፈች፤ ወይንእሸት ቀብራት መጣች።

በየቀኑ ከሥራ ስትመለስ በሯን ትዘጋለች። ዕቃዋን ታጥባ፣ ውኃዋን ልክ አድርጋ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃዋ ላይ ትጥዳታለች። መብራት ሲጠፋ በከሰል ታፈላለች፤ ዕቃዋ ትንሽ ስለሆነች ምድጃው ውስጥ እንዳትወድቅ ያረጀ የመስኮት ወንፊት ሽቦ አጥፋ ከላይ ታነጥፍበታለች። ሁለቱን ስኒ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ዘርግታ፣ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ትጠጣለች። "በቀን ውስጥ ሰው የሚባል ፍጡር ባለማየቴ እግዚአብሔርን የማመሰግንበት ሰዓት ያ ነው" ብላኛለች።

አስናቀች መጀመሪያ ሰሞን በአጥር ትጣራ ነበር።

"ወይንዬ! ቡና ደርሷል!"

"ጠጥቻለሁ እትዬ!"

"ከማን ጋር?"

"ለብቻዬ!"

ያ መልስ አስናቀች ቤት ሲደርስ ሴቶቹ ስኒያቸውን ይዘው ቀሩ። ለብቻ? ሰው ለብቻው እንዴት ቡና ይጠጣል? ለብቻው የሚጠጣ ሰው የለም፤ ያለው አብሮት የሚጠጣውን የሚደብቅ ሰው ነው። እንዲህ ብለው ፈረዱ። እውነቱን ለመናገር የነዚህ ሴቶች አእምሮ ክፋት እንኳ በወጉ አይችልበትም፤ አንድ መንገድ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ እሱም ወደ አልጋ የሚወስደው ነው።

አንድ ቀን አስናቀች አጥር ሥር ጎመን የምትቀነጥስ መስላ ጆሮዋን ደገነች። ከወይንእሸት ቤት ኩርርር የሚል ድምፅ ሰማች። ትንሽ ቆሞ እንደገና ኩርርር አለ። አስናቀች ጎመኑን ጥላ ሮጠች።

"ወንድ ያንኮራፋል!" አለች እቤቷ ገብታ። "በቀን በብርሃን! በዚህ ጆሮዬ ሰማሁ!"

ሴቶቹ አማተቡ። ደስታቸው ግን ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። ወሬው ባሎቹ ጋ ደረሰ፤ የእድሩ ዳኞችም ቁም ነገር ነው ብለው ስብሰባ ተቀመጡበት። የፈረሰ የመቃብር አጥር ለማሠራት ዓመት ሙሉ መሰብሰብ ያቃታቸው ሰዎች ለዚህኛው ባንድ ቀን ተሰበሰቡ። በመጨረሻም ሁለት ሰው ተላከ፤ ሊቀ መንበሩ ስጦታውና የኔታ ገብረ ሕይወት።

የኔታ ደብረ ወርቅ ቅኔ የቆጠሩ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሯቸው ግን ያልደከመ ሽማግሌ ናቸው። ስጦታው ደግሞ በሰርግም በለቅሶም መካከል ላይ መቀመጥ የሚወድ፣ ጉሮሮውን ሳይጠርግ ሰላምታ መስጠት የማይችል ሰው ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጡ።

"ጤናሽን ልንጠይቅ ብለን ነው" አለ ስጦታው። ዓይኑ አልጋው ሥር ይፈልግ ነበር።

"አልጋው ሥር ያለው ጫማ የእኔ ነው ጋሼ" አለች ወይንእሸት።

የኔታ በሳቅ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። "ልጄ፣ የላኩን ሰዎች በዚህ ቤት ወንድ ያንኮራፋል ይላሉ። እኔ ከማማት ጠይቆ ማፈር ይሻላል ብዬ መጣሁ።"

"ይቀመጡ የኔታ። የሚያንኮራፋውን አሳይዎታለሁ።"

ውኃዋን ሞላች፤ ቡናዋን ጨመረች፤ ጣደች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ምን እንደሚመጣ ሳያውቁ ጠበቁ። ቡናው ወጥቶ ሲያልቅ ዕቃዋ ኩርርር አለች፤ ስጦታው ከመቀመጫው ብድግ አለ።

"ይኸው ሰውየው" አለችና በጨርቅ ይዛ አወረደችው። ለሁለቱም በስኒ ቀዳችላቸው።

የኔታ ቀምሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። "መራራ ነው፤ ግን አይዋሽም" አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ትዳሯ እንዴት እንደፈረሰ ጠየቋት። ባጭሩ ነገረቻቸው፤ የአስናቀችን ስም ግን ስጦታው ፊት አልጠራችም። የኔታ ስኒያቸውን ጨለጡና፦

"ትዳሯ ቢፈርስም ምንም አይግረማት፤
አንድ አማት ነበራት፥ አገር ሁሉ አማት"

አሉ።

"እውነት ነው የኔታ!" አለ ስጦታው። "አማት ሲበዛ ትዳር አይጸናም! የባል እናት ማለት ክፉ ናት!"

አገር ሁሉ ያችን ልጅ አማት ማለታቸው እንደሆነ፣ ካሙትም መካከል የመጀመሪያዋ የገዛ ሚስቱ እንደሆነች ለዚህ ሰው አልታየውም። የኔታ ወደ ወይንእሸት ዞር ብለው ስኒያቸውን ዘረጉላት፤ እሷም ተቀበለቻቸው። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እኛ መርጠን ሊቀ መንበር ያደረግነው።

የኔታ ለእድሩ ሲናገሩ፣ "ያንኮራፋው ዕቃ ነው፤ በሰው ቤት ጆሮ የሚደግን ግን ዕቃ አይደለም" ብለው ተቀመጡ። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ነገር ግን ስጦታው ቡናውን ወዶታል።

በሳምንቱ ብቻውን መጣ። "የእድር ጉዳይ ነበረኝ" አለ፤ ጉዳዩ ግን የለም። ወይንእሸት ለሽበቱ ብላ አንድ ስኒ ሰጠችው። ሌላ ቀን "ራሴን ቢያመኝ ያቺ መድኃኒትሽ ትዝ አለችኝ" ብሎ ተመለሰ። ነጭ ኩታ ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ ነበር። ወይንእሸት ሽቶውን ስታሸት ነገሩ ገባት፤ ገና አንድ ጊዜ ይምጣ አለች በልቧ።

መጣም። የመጀመሪያውን ስኒ ቀድታለት ሞካዋ ዳግም ምድጃ ላይ ናት፤ እሷ ከጎኗ ቆማለች። ስጦታው ተጠግቶ እጇን ያዘ።

"ወይንእሸት፣ ሴት ልጅ ለብቻዋ መኖር ይከብዳታል። እኔ ሰውነትሽ ሲባክን እያየሁ..."

ወይንእሸት በሌላ እጇ ጨርቁን አንስታ፣ የምትፈላውን ዕቃ ከምድጃው ብድግ አደረገችና ፊቱ አጠገብ ያዘቻት።

"ጋሽ ስጦታው፣ ይቺ ዕቃ መተንፈሻ አላት። እኔ የለኝም። እጅዎን ያንሱ።"

እጁን ሲያነሳ ተደናግጦ ቀድሞ የተቀዳለትን ስኒ በክርኑ መታው፤ ቡናው ነጩ ኩታው ላይ ፈሰሰ። ኩታው ደረቱ ላይ እንደጠቆረ፣ ጉሮሮውን እንኳ ሳይጠርግ ወጣ። ከአስናቀች ቤት ቡና ጠጥተው በመውጣት ላይ ያሉ ሴቶች በር ላይ ቆመው አዩት። ከወይንእሸት ቤት መውጣቱን አዩ፤ ቡናውን አዩ፤ ፊቱንም አዩ። ሌላ ምስክር አላስፈለጋቸውም።

ያን ኩታ ያጠበችው አስናቀች ናት። መጀመሪያ ላይ ሴቶቹ ምንም አልነገሯትም። እሷ ግን በማግሥቱ ስኳር ለማምጣት ወደ ጓዳ ገብታ ስትመለስ ቤቱ ዝም አለ። ሁሉም ስኒ ስኒውን አየ። ያን ዝምታ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት፤ የእጇ ሥራ ነው። ስንቱ ላይ እንዲወርድ አድርጋዋለች። አሁን እሷው ላይ ሲወርድ የያዘችውን ስኳር ጠረጴዛው ላይ ሳትደርስ ዘረገፈችው። ሴቶቹ "አይዞሽ፣ አይዞሽ" እያሉ ለቀሙላት። ያን ቀን ሁሉም ቶሎ ተነሥተው ሄዱ፤ የሚያወሩት እሷ በሌለችበት የሚወራ ነበርና።

አስናቀች ጥቂት ቀን ቻለችው። ከዚያ አንድ አመሻሽ የወይንእሸትን በር አንኳኳች። ወይንእሸት ከፍታ "ይግቡ እትዬ" አለቻት፤ ወንበርም ሰጠቻት። አስናቀች ተቀምጣ ነጠላዋን አጣፋች፤ ፈታች፤ መልሳ አጣፋች።

"ወይንዬ፣ የሚባለውን ሰምተሻል።"

"አልሰማሁም። ወሬ የሚሰማበት ቤት አልሄድም።"

"እኔና አንቺን ነው የሚያናክሱን። ነገ ነይና እኔ ቤት አብረን ቡና እንጠጣ። አጠገቤ ተቀምጠሽ ሲያዩሽ አፋቸውን ይይዛሉ። አንድ ቀን ብቻ። ለእኔ ስትይ።"

ወይንእሸት ተነሥታ ሞካዋን ፈታች፤ ውኃ ሞላች፤ ቡናውን በማንኪያ አደረገች፤ ገጥማ ጣደች። አስናቀች ነገሩን እንደ እርቅ ቆጥራ ትንሽ ተነፈሰች።

"ነካሽ እንዴ?" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ስጦታው... ነካሽ?"

"እሱን ጋሼን ይጠይቋቸው። እኔ የሆዴን አንድ ጊዜ ነግሬዎት ነበር።"

"ያማ አለፈ የኔ ልጅ! እኔ በክፋት መሰለሽ? ቡና ላይ አምልጦኝ እኮ ነው!"

ሞካዋ አንኮራፋች። ወይንእሸት አወረደቻት፤ አንድ ስኒ ብቻ አምጥታ ቀዳች። የአስናቀች እጅ ለመቀበል ከጭኗ ላይ ትንሽ ተነሥቶ ነበር። ወይንእሸት ስኒውን ወደ ራሷ አፍ ወሰደችው። እንግዳዋን ዓይን ዓይኗን እያየች፣ ሳትቸኩል ጠጣች። የቀረውንም ቀድታ ጠጣች። እዚህ አገር ሰው ፊት እንብላ ሳይሉት መብላትና መጠጣት ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳችሁ አልሞክርም፤ ጥፊ ይቀላል።

"ቡና ላይ እንዳያመልጥዎት ብዬ ነው ያልሰጠሁዎት" አለች ስኒውን አስቀምጣ።

አስናቀች ነጠላዋን መልሳ አጣፋች። ተነሥታ ወጣች። ወይንእሸት ይህን ስትነግረኝ ደስ ያላት አልመሰለኝም፤ ያዘነችም አልመሰለኝም። ጨርቅ ላይ መቀስ እንደምታስገባው አድርጋ ነው የነገረችኝ። "ትንሽ አላሳዘነችሽም?" አልኳት። "ባሏን እንዳታጣ አልመጣችም፤ ታዳሚዎቿን እንዳታጣ ነው የመጣችው" አለችኝና የስፌት መኪናዋን ረገጠች።

ከዚያ በኋላ ስጦታው "ለጤናዬ" ብሎ ከሊቀ መንበርነቱ ወረደ። የተተካውም ከእሱ የተሻለ አይደለም። የአስናቀች ቤት ቡና ቀስ በቀስ ሰው አጣ፤ አንዷ ጉንፋን ያዘኝ አለች፣ ሌላዋ ልጄ አመመብኝ። ሴቶቹ ግን ቡና አልተዉም፤ ስርጉት የምትባል ወጣት መምህርት ቤት ዞሩ። ስርጉት ወሬውን ስትሰማ የወይንእሸት ዕቃ አምሯት ባሕር ዳር በሄደ ሰው ሞካ አስመጣች፤ ያውም ትልቁን፣ ለአንድ ቤት ሙሉ ሰው የሚበቃውን። ስልኳን አውጥታ ፎቶ ታነሳዋለች። ትናንት "ወንድ ያንኮራፋል" ያሉት ሴቶች ዛሬ "ሞካ ነው እኮ የምንጠጣው፣ ጀበና ጊዜው አልፏል" ይላሉ።

ወይንእሸትንም ጠሯት። "አንቺ እኮ ነሽ ያሠለጠንሽን" ብለው ሰው ላኩባት። እንደማትሄድ እርግጠኛ ነበርኩ፤ እሷ ግን መቀሷን አስቀምጣ ሄደች። ብዙ አልቆየችም፤ ጫማ የሚለካ ደንበኛዬ ሳይወጣ ተመለሰች።

"እንዴት ናቸው?" አልኳት።

"ቡናውን ጠቅጥቀውታል። ከእሳቱም በጊዜ አያወርዱትም" አለች። ትንሽ ቆይታም፣ "ስለ አስናቀች ነው የሚያወሩት" አለችኝ። "ስኳሩ እንዴት እንደተዘረገፈባት። ለቅመው የሰጧት እነሱው ናቸው፤ አሁን እየሳቁ እንዴት እንደደነገጠች በእጃቸው ያሳያሉ።"

ሁለተኛ አልሄደችም። እነሱም አልተቀየሙም፤ እንዲያውም ሳትመጣ ስትቀር ለወሬ ተመቻቸው።

አስናቀች አሁንም በየቀኑ ቡናዋን ታፈላለች። ስኒዎቹን ሁሉ እንደ ድሮው ትደረድራለች፤ በሩንም ከፍታ ትቀመጣለች። ባሏ ከጓዳ አይወጣም። የሚያልፍ ሁሉ "እንደምን ዋልሽ" ብሎ እግሩን ያፈጥናል። ወይንእሸት ከሥራ ስትመለስ በዚያ በር ታልፋለች። ሰላምታዋን ቆማ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ በደንብ ትሰጣለች፤ ከዚያ እቤቷ ገብታ በሯን ትዘጋለች። አስናቀች ቤት አንድም ቀን ገብታ አልተቀመጠችም። እኔም ግቢላት ብያት አላውቅም።